ለእናት የሚላክ የስኳር ሰፕሊመንት፦ የቱ ይላክ፣ የቱ ይቅር?

ጥያቄ፦ «እናቴ 63 ዓመቷ ነው፤ የምትኖረው አዲስ አበባ ነው። ስኳር ከተገኘባት 9 ዓመት ሆኗታል። ሜትፎርሚን 1000 ሚሊግራም ጠዋትና ማታ፣ ግሊቤንክላማይድ 5 ሚሊግራም ጠዋትና ማታ ትወስዳለች። የሦስት ወሩን አማካይ ስኳር የሚያሳየው ምርመራ 8.4 ወጣ። እግሯን ያደነዝዛታል፣ ማታ ማታ ደግሞ ያቃጥላታል። ጾም አታስታጉልም። ጎረቤት አብሽና ሽፈራው ጠጪ ይላታል፤ እኔ ደግሞ ከሜሪላንድ ቀረፋ፣ ክሮሚየም፣ በርበሪን፣ ማግኒዥየምና አልፋ ሊፖይክ አሲድ ገዝቼ ልልክላት ነው። የትኛው ይጠቅማታል? ሁሉንም አብራ ብትወስድስ?»

ምላሽ፦

ሻንጣው ሳይዘጋ ሁለት ነገር ልንገርዎ። እናትዎ ከሁሉ በላይ ሊያስፈልጋቸው የሚችለው ነገር በዝርዝርዎ ውስጥ የለም፤ እሱም ቫይታሚን ቢ12 ነው። ከዘረዘሯቸው ውስጥ ደግሞ አንዱ፣ በርበሪን (ከዕፅዋት የሚወጣ ንጥረ ነገር ነው እንጂ በርበሬ አይደለም)፣ ከግሊቤንክላማይድ ጋር ሲደመር ስኳራቸውን ከሚገባው በታች ሊጥለው ይችላል። ሌሎቹ በእነዚህ በሁለቱ መካከል ናቸው፤ አንዳንዱ ትንሽ ይረዳል፣ አንዳንዱ ገንዘብ ማባከን ነው።

ከቢ12 እንጀምር። ሜትፎርሚን ቢ12 ከትንሹ አንጀት መጨረሻ ወደ ደም እንዳይገባ ያውካል። ይህ በአንድ ወር የሚታይ ጉዳት አይደለም፤ ጉበት የዓመታት ክምችት ስላለው እጥረቱ የሚገለጠው መድኃኒቱ ለአራት፣ ለአምስት ዓመትና ከዚያ በላይ ሲወሰድ፣ በተለይም መጠኑ ከፍ ሲል ነው። እናትዎ በቀን 2000 ሚሊግራም ይወስዳሉ፤ ያውም ለዓመታት ከሆነ ተጋላጭ ናቸው። በዚያ ላይ ጾሙ አለ። ቢ12 የሚገኘው ከሥጋ፣ ከእንቁላል፣ ከወተትና ከዓሣ ነው፤ በሽሮ፣ በምስርና በጎመን ውስጥ የለም። እንጀራ ስለሚቦካ ቢ12 አለው የሚባል ነገር አለ፤ በእሱ መተማመን አይቻልም። ዐቢይ ጾምን፣ ፍልሰታን፣ ነቢያትን፣ ረቡዕና ዓርብን ሁሉ የሚጾም ሰው ከዓመቱ ግማሽ ያህሉን ከነዚህ ምግቦች ውጭ ነው የሚያሳልፈው።

ችግሩ የቢ12 እጥረት የሚያመጣው መደንዘዝና ማቃጠል ስኳር ከሚያመጣው የነርቭ ጉዳት ጋር አንድ ዓይነት መሆኑ ነው። ሕመምተኛዋ «እግሬን ያቃጥለኛል» ስትል «ስኳሩ ነው» ይባልና ይታለፋል። የስኳር የነርቭ ጉዳት ብዙውን ጊዜ ወደ ኋላ አይመለስም፤ የቢ12 ግን በጊዜ ከተደረሰበት ሊሻሻል ይችላል። ስለዚህ ከምንም በፊት የቢ12 መጠንና ሙሉ የደም ምርመራ ይታዘዝላቸው። ውጤቱ በሚሊሊትር ከ200 ፒኮግራም በታች ከሆነ እጥረት ነው። ከ200 እስከ 300 ከሆነና ምልክት ካለ ብዙ ሐኪሞች እንደ እጥረት ቆጥረው ያክማሉ። ምርመራው ሳይደረግ ክኒኑን መጀመር የለባቸውም፤ ከተጀመረ በኋላ የሚወጣው ቁጥር ስለ ቀድሞው ምንም አይናገርምና።

መጠኑ፦ በአፍ የሚወሰድ 1000 ማይክሮግራም፣ በቀን አንድ ጊዜ። የቀን ፍላጎት 2.4 ማይክሮግራም ብቻ ሆኖ ሳለ ይህን ያህል ለምን? መደበኛው መንገድ ሲስተጓጎል ከተዋጠው ውስጥ 1 በመቶ ያህሉ ብቻ በራሱ ጊዜ ሰርጎ ስለሚገባ ነው። የ1000 አንድ መቶኛ 10 ማይክሮግራም ነው፤ እሱ ይበቃል። ሲያኖኮባላሚን የሚለው ርካሹ ዓይነት ሥራውን ይሠራል፤ ሜቲልኮባላሚን ተብሎ በሦስት እጥፍ ዋጋ የሚሸጠውን መግዛት ግድ አይደለም። አረማመዳቸው ከተዛባ ወይም ድንዛዜው ከበረታ ግን በክኒን መጀመር የለበትም፤ በመርፌ ነው የሚጀመረው።

እዚህ ላይ አንድ ጥንቃቄ አለ። በየፋርማሲው «የነርቭ ቫይታሚን» እየተባለ የሚሰጠው ቢ1፣ ቢ6 እና ቢ12 የተቀላቀለበት ክኒን ነው። በውስጡ ያለው ቢ6 በአንድ ክኒን 100 ወይም 200 ሚሊግራም የሚደርስበት ጊዜ አለ። የአሜሪካ የላይኛው ገደብ በቀን 100 ሚሊግራም ነው፤ የአውሮፓ የምግብ ደኅንነት ባለሥልጣን በ2023 (እዚህ የምጠቅሳቸው ዓመቶች ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው) ወደ 12 ዝቅ አድርጎታል። ቢ6 ለወራት በብዛት ሲወሰድ ራሱ እግርና እጅ ያደነዝዛል። ለድንዛዜ የተሰጠ ክኒን ድንዛዜ ሲያመጣ «በሽታው ባሰባት» ተብሎ መጠኑ ይጨመራል። የቢ12 እጥረት ከሆነ የሚላከው ቢ12 ብቻውን ነው።

አሁን ወደ ግሊቤንክላማይድ። ይህ መድኃኒት ቆሽትን «ኢንሱሊን አውጣ» እያለ የሚጎተጉት ነው፤ ምግብ ኖረም አልኖረም ይጎተጉታል። ሜትፎርሚን ብቻውን ስኳርን ከመጠን በታች አያወርድም፤ ግሊቤንክላማይድ ግን ያወርዳል፤ ያውም ለረጅም ሰዓት፤ በተለይ ዕድሜ ሲገፋና ኩላሊት ሲደክም። እናትዎ በዐቢይ ጾም ጠዋት ክኒናቸውን ውጠው እስከ 9 ሰዓት ምግብ የማይቀምሱ ከሆነ ትልቁ አደጋ እሱ ነው፤ ከየትኛውም ሰፕሊመንት በፊት መስተካከል ያለበትም እሱ ነው። የጠዋቱ መጠን በጾም ወቅት ወደ ምግብ ሰዓት ይዛወር፣ ይቀነስ ወይስ በሌላ ይተካ የሚለውን ጾሙ ሳይገባ ከሐኪማቸው ጋር ይወስኑ። ሰዓቱን ስለማሳጠር ደግሞ የንስሐ አባታቸውን ያማክሩ፤ ለታመመ ሰው ማቅለል አዲስ ነገር አይደለም። በዚያው ቀጠሮ የኩላሊት ምርመራ ይጠይቁ። የኩላሊትን አቅም የሚያሳየው ክሬያቲኒን ሳይታወቅ ግሊቤንክላማይድም ማግኒዥየምም በጭፍን የሚሰጡ አይደሉም።

ስለዚህ በርበሪን አይላክ። የማይሠራ ስለሆነ አይደለም፤ ከዝርዝርዎ ውስጥ ስኳር በማውረድ የሚበረታው እሱ ነው፤ ችግሩም ከዚያው ይመጣል። በ2008 በቻይና በተደረገ ጥናት አዲስ ሕሙማን በቀን ሦስት ጊዜ 500 ሚሊግራም ለሦስት ወር ወስደው የሦስት ወር ውጤታቸው ከ9.5 ወደ 7.5 ወርዷል፤ ከሜትፎርሚን ጋር የሚቀራረብ ማለት ነው። ግን የተሳተፉት 36 ሰዎች ነበሩ፤ መድኃኒት ያልጀመሩም ነበሩ። በግሊቤንክላማይድ ላይ ሲደመር ስኳር የመውረድ አደጋውን ያበዛል። በርበሪን በተጨማሪም ጉበት ውስጥ መድኃኒቶችን የሚሰባብሩትን ኢንዛይሞች ያደክማል፤ እንደ ሲምቫስታቲን ያሉ አንዳንድ የኮሌስትሮል መድኃኒቶችና ለተተከለ ኩላሊት የሚሰጠው ሳይክሎስፖሪን በደም ውስጥ ይጠራቀማሉ። ሆድ ቁርጠትና ተቅማጥም ያመጣል፤ ሜትፎርሚን በሚያመጣው የሆድ ችግር ላይ ሌላ መጨመር ነው። ነፍሰ ጡርና የምታጠባ ሴት ፈጽሞ አትወስደውም፤ የሕፃኑን ቢጫነት ወደ አንጎል ሊያደርሰው ይችላል።

ክሮሚየምን በአጭሩ ልለፈው፦ አይግዙ። የአሜሪካ የምግብና መድኃኒት ባለሥልጣን በ2005 ስለ ክሮሚየም ፒኮሊኔት የፈቀደው የማስታወቂያ ቃል ራሱ ግንኙነቱ «እጅግ አጠራጣሪ» መሆኑን እንዲጠቅስ ያስገድዳል። የአውሮፓው ባለሥልጣን በ2014 ከዚያ አልፎ ክሮሚየም ለሰውነት አስፈላጊ መሆኑን የሚያሳይ አሳማኝ ማስረጃ የለም ብሏል።

ቀረፋ በሻይ ውስጥ ሲሆን ጣዕም ነው፤ በእንክብል ሲሆን ጥያቄ ነው። ሁለት ዓይነት ቀረፋ አለ። ካሲያ የሚባለው ወፍራም፣ ጠንካራ፣ ከሁለት በኩል ወደ ውስጥ የተጠቀለለ አንድ ቅርፊት ነው። የሲሎን የሚባለው ስስ ሆኖ በርካታ ቅጠል መሰል ንብርብር አለው፤ በጣት ይፈረፈራል። ካሲያ ኩማሪን የሚባል፣ በብዛት ሲወሰድ ጉበትን የሚጎዳ ነገር አለው፤ በአማካይ በአንድ ግራም ዱቄት 3 ሚሊግራም ገደማ። የአውሮፓው ገደብ በየኪሎው ክብደት 0.1 ሚሊግራም ስለሆነ 60 ኪሎ የሚመዝን ሰው በየቀኑ ከ2 ግራም፣ ማለትም ከአንድ ያልሞላ የሻይ ማንኪያ፣ ባያልፍ ይመረጣል። የስኳር ጥናቶቹ ግን ከ1 እስከ 6 ግራም ነበር የሰጡት። ውጤታቸውም አንዱ አወረደ፣ ሌላው አላወረደም፤ በ2012 ጥናቶቹን አንድ ላይ የገመገመው፣ ኮክሬን የተባለው የሕክምና ጥናቶችን የሚመዝን ድርጅት ቀረፋን ለስኳር ሕክምና የሚያስመክር በቂ ማስረጃ አላገኘም። ለሻይ የሚሆን ቁራጭ ቅርፊት ይጠቀሙ፤ የተፈጨውን ከማይታወቅ ሻጭ አይግዙ። አሜሪካ ውስጥ በ2024 እርሳስ የተገኘባቸው የተፈጩ ቀረፋዎች በስም ተጠቅሰው ማስጠንቀቂያ ወጥቶባቸዋል።

ማግኒዥየም የሚጠቅመው ለጎደለው ሰው ነው። ስኳር ከፍ ብሎ ሽንት ሲበዛ አብሮ ይፈስሳል፤ ለጨጓራ የሚሰጠውን ኦሜፕራዞል ለዓመታት የሚወስዱ ወይም ለደም ግፊት የሚያሸና ክኒን ያላቸው ሰዎችም ይጎድላቸዋል። እናትዎ ከነዚህ ውስጥ ካልሆኑ የጾሙ ማዕድ ራሱ በማግኒዥየም የበለጸገ ነው፤ 100 ግራም የጤፍ ዱቄት 180 ሚሊግራም ገደማ አለው፣ ምስርና ባቄላም እንዲሁ፤ የሴት የቀን ፍላጎት ደግሞ 320 ነው። መላክ ካለበት ሲትሬት ወይም ግላይሲኔት የሚለውን፣ በቀን ከ200 እስከ 300 ሚሊግራም፣ ኩላሊታቸው ደኅና መሆኑ ከታወቀ በኋላ። ኦክሳይድ የሚለው ርካሽ ነው፤ በደንብ አይሰርግም፣ ሆድ ያስቀምጣል። ከታይሮይድ ክኒን ጋር የ4 ሰዓት ርቀት ይኑረው፤ ሲፕሮፍሎክሳሲን ወይም ዶክሲሳይክሊን ከታዘዘላቸው እስኪጨርሱ ማግኒዥየሙን ማቆሙ ይቀላል፤ አንቲባዮቲኩን ሆድ ውስጥ አስሮ ያስቀረዋልና።

አልፋ ሊፖይክ አሲድን ስኳር ያወርዳል ብለው አይግዙት፤ ሚናው ሌላ ነው፤ ለሚያቃጥለው እግር። በቀን 600 ሚሊግራም፣ ባዶ ሆድ፣ ከምግብ ግማሽ ሰዓት ቀደም ብሎ። በ2006 በወጣው የአምስት ሳምንት ጥናት 1200 እና 1800 የወሰዱት ከ600ዎቹ የተሻለ አላገኙም፤ ማቅለሽለሽ ብቻ ነው የበዛባቸው። የቢ12 ውጤት ከመጣና ማቃጠሉ ከቀጠለ ለሁለት ሦስት ወር መሞከር ይቻላል፤ ለውጥ ከሌለ ይቁም። ከስንት አንድ ሰው ላይ ሰውነት ኢንሱሊንን የሚያጠቃ ነገር እንዲያመርት አድርጎ ስኳርን በድንገት ሊጥል ይችላል፤ ስለዚህ በጀመሩ የመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ልኬቱ ይጠበቅ።

ጎረቤት የመከረው አብሽ ከሻንጣው ዕቃ ከብዙው ይሻላል ብል አይግረምዎ። አብሽ ተነክሮ ሲመታ ነጭ አረፋ ሆኖ የሚወፍረው ክፍል ሆድ ውስጥም እንደዚያው ይወፍራል፤ እንጀራው ወደ ስኳር ተለውጦ ወደ ደም የሚገባበትን ፍጥነት ያዘገያል። ጥናቶች የተጠቀሙበት መጠን ከ5 ግራም እስከ 100 ግራም የተዘበራረቀ ነው፤ ለቤት የሚሆነው በቀን ከ5 እስከ 10 ግራም ነው። አንድ የሾርባ ማንኪያ ፍሬ 11 ግራም ገደማ ስለሆነ ግማሽ ማንኪያ ይጀምሩ፤ በሁለት ሳምንት ወደ አንድ ይድረሱ። ማታ ይነከር፣ ይመታ፣ ከዋናው ምግብ ጋር ይጠጣ።

የሚበላሸው እዚህ ነው፦ መራራነቱን ለማጥፋት ማር ይጨመርበታል። አንድ የሾርባ ማንኪያ ማር 17 ግራም ስኳር ነው፤ አብሽ ያዘገየውን ማር ይመልሰዋል። በሎሚ ወይም ባዶውን ይጠጣ። ሁለተኛው ስሕተት ክኒንን በአብሽ መዋጥ ነው፤ የሚወፍር ነገር ሁሉ መድኃኒትን ይይዛል፤ አብሽም ሆነ ተልባ ከክኒን የሁለት ሰዓት ርቀት ይፈልጋል። በግሊቤንክላማይድ ላይ ስለሚጨመር በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ስኳር ይለካ። የደም ማቅጠኛ ዋርፋሪን የሚወስድ፣ ነፍሰ ጡር፣ ለኦቾሎኒ ወይም ለሽምብራ አለርጂ ያለበት ይተወው። ላባቸው ወይም ሽንታቸው አብሽ አብሽ ቢል አይደንግጡ።

ሽፈራው ምግብ ነው። ኮንሶዎች ቅጠሉን እንደ ጎመን ይበሉታል፤ እናትዎም ቢበሉት ደኅና። ነገር ግን የስኳር ጥናቶቹ በአብዛኛው የተሠሩት በህንዱ ዝርያ ነው፤ የደቡቡ ሽፈራው ሌላ ዝርያ ነው፤ በሰው ላይ የተሠራውም ጥቂትና ደካማ ነው። ጥቁር አዝሙድ ከሽፈራው የተሻለ ተጠንቷል፤ በ2010 በወጣ የሳዑዲ ጥናት 94 ሕሙማን በቀን 1፣ 2 ወይም 3 ግራም በመድኃኒታቸው ላይ ወስደው 2 ግራሙ ጥሩ ለውጥ አሳይቷል፤ 3ቱ ከ2ቱ አልበለጠም። ማስመሰያ ክኒን የወሰደ ማነጻጸሪያ ቡድን ግን አልነበረውም፤ ስለዚህ ቁጥሩን ሙሉ በሙሉ አልቀበለውም።

«ከዕፅዋት ብቻ፣ ስኳርን ከሥሩ የሚነቅል» ተብሎ በቴሌግራምና በቲክቶክ የሚሸጠው ዱቄት ከሁሉ የከፋው ነው። በ2008 ሲንጋፖር ውስጥ ስኳር የሌለባቸው 150 ሰዎች በአምስት ወር ውስጥ በከባድ የስኳር መውረድ ሆስፒታል ገቡ፤ አራቱ ሞቱ። የወንድ ኃይል ይጨምራል ተብሎ በተሸጠ ሕገወጥ መድኃኒት ውስጥ ማንም ያልጻፈው ግሊቤንክላማይድ ነበር። ቅጠልና ቅርፊት 280 የነበረን ስኳር በሦስት ቀን 110 አያደርገውም፤ ክኒን ነው እንዲህ የሚያደርገው። «ተአምር ነው» የሚባል ዱቄት ከተገኘ ያው ክኒን ተፈጭቶ ገብቶበት ይሆናል፤ እናትዎ ደግሞ ያንኑ ክኒን አስቀድመው እየወሰዱ ነው። አሜሪካም ቢሆን ከ1994ቱ ሕግ ወዲህ ሰፕሊመንት ከመሸጡ በፊት መሥራቱ አይመረመርም። ሲገዙ ዩኤስፒ ወይም ኤንኤስኤፍ የሚል የማረጋገጫ ማኅተም ይፈልጉ፤ እሱም የሚነግርዎ በብልቃጡ ላይ የተጻፈው ውስጡ መኖሩን እንጂ ማዳኑን አይደለም።

አብራ ብትወስድስ ላሉት፦ አይሆንም። አምስት ነገር በአንድ ቀን ተጀምሮ ስኳሩ ቢወርድ ማን እንዳወረደው፣ ጉበት ቢታመም ማን እንዳሳመመው አይታወቅም። አንድ በአንድ ነው። ከመጀመራቸው በፊት አንድ ሳምንት ጠዋት በባዶ ሆድና ከምሳ ሁለት ሰዓት በኋላ ይለኩና በደብተር ይጻፉ፤ ከዚያ አንዱን ይጀምሩ፤ በሦስተኛው ወር እዚያው ላቦራቶሪ የሦስት ወሩን ምርመራ ይድገሙ። አንድ ወጥመድ አለ፦ የሦስት ወሩ ምርመራ የሚለካው ስኳር የተጣበቀባቸውን ቀይ የደም ሴሎች ነው። የብረት ወይም የቢ12 እጥረት ሲኖር ሴሎቹ ስለሚያረጁ ቁጥሩ ያለ ስኳር ከፍ ይላል፤ እጥረቱ ሲታከም አዳዲስ ሴሎች ይወለዱና ቁጥሩ ይወርዳል፤ ምስጋናው ለቀረፋው ይሰጣል። የእናትዎ 8.4ም ከነዚህ በአንዱ ተነፍቶ ሊሆን ስለሚችል ከቤት ልኬታቸው ጋር ይመሳከር። በቤት የሚለኩት ጠዋት በአብዛኛው ከ130 በላይ፣ ከምግብ በኋላ ከ180 በላይ ከሆነ ግን ስኳሩ በእርግጥ ከፍ ብሏል፤ የሚፈታውም መድኃኒት በመለወጥና ሳህኑ ላይ ያለውን በማስተካከል እንጂ በእንክብል አይደለም።

እንግዲህ በሻንጣው ቦታ ምን ይግባ? የስኳር መለኪያ ስትሪፕ። አዲስ አበባ ውስጥ ውድ ነው፣ ከገበያም ይጠፋል። እናትዎ ያላቸውን መሣሪያ ፎቶ አስነሥተው ስሙንና ሞዴሉን ይዩ፤ የሌላ መሣሪያ ስትሪፕ አይሠራም። ማብቂያ ቀኑ ቢያንስ አንድ ዓመት የቀረው ይሁን፤ ብልቃጡ ክፍት ካደረ እርጥበት ያበላሸዋል፤ ከማቀዝቀዣ ይራቅ። አብሮ ለስላሳ ካልሲና የእግር ክሬም ይግባ፤ የደነዘዘ እግር በሙቅ ውሃ ሲዘፈዘፍ መቃጠሉን ስለማያውቅ ውሃው በክርን ይፈተን።

ለቤተሰቡ ደግሞ ይህን ይንገሩልኝ፦ ላብ ካጠመቃቸው፣ እጃቸው ከተንቀጠቀጠ፣ ንግግራቸው ከተምታታ ይለካ፤ መለኪያ ከሌለ ወርዷል ብለው ይነሡ። ከ70 በታች ከሆነ ሦስት አራት የሻይ ማንኪያ ስኳር በውሃ በጥብጠው ወይም ግማሽ ብርጭቆ ለስላሳ ይስጧቸው፤ «ዳይት» ወይም «ዜሮ» የሚለው አይሠራም። በ15 ደቂቃ ይለኩ፤ ካልተነሣ ይድገሙ፤ ሲነሣ እንጀራ ወይም ዳቦ ያብሏቸው። ራሳቸውን ከሳቱ በአፍ ምንም አይስጧቸው፤ በጎን አስተኝተው ወደ ሆስፒታል ይውሰዷቸው። ቢነቁም ቢሆን ግሊቤንክላማይድ በሰውነታቸው ውስጥ እስካለ ስኳሩ በዚያው ሌሊት እንደገና ሊወርድ ስለሚችል ሐኪም ቤት ማደር አለባቸው፤ «ተነሥተዋል» ተብሎ ብቻቸውን እንዳይተኙ።